ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር

በመሥሪያ ቤቱ «አቶ ልክ» ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት ሻይ የምታዞረው ሴትዮ ናት። አንድ ቀን «ስኳር ትንሽ ላድርግልህ?» ብትለው «ትንሽ ስንት ማንኪያ ነው?» ብሎ ጠየቃት፤ በዚያው ቀረ። ሥራው የበረራ ዕቅድ ማውጣት ነው። አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ርቀቱ ስንት እንደሆነ፣ ነፋሱ ከፊት ይሁን ከኋላ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅና ስንት ነዳጅ እንደሚበላ አስልቶ ለአብራሪው የሚሰጥ ሰው ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቷል። በነዚህ ዓመታት «ይመስለኛል» የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ የሰማ ባልደረባ የለም።

ጠባዩን የወረሰው ከአባቱ ነው። አባትየው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመንገድ ቀያሽ ነበሩ። አገር ምድሩን በእግራቸው ለክተው ያደሩ ሰው ናቸው። «ዓይን ይሸነግላል፤ ሜትር አይሸነግልም» ይላሉ። ቤታቸው እንግዳ መጥቶ «መንገዱ ቅርብ ነው» ካለ ምግቡን አስቁመው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ይጠይቁታል።

አሁን ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ልባቸውና ሳንባቸው ተራ በተራ ከድተዋቸው አልጋ ከያዙ አምስተኛ ሳምንታቸው። በየጠዋቱ ቤት ድረስ እየመጣች የምታያቸው ነርስ ትናንት ዕቃዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተች በኋላ ልጅየውን ወደ ኮሪደሩ ጠራ አደረገችው።

«የሚጠራ ሰው ካለ ይጠራ» አለችው።

«ስንት ቀን?»

«ቀን አይደለም የምልህ።»

«ስንት ሰዓት ታዲያ?»

ነርሷ ትክ ብላ አየችው። «ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ መለኪያ የለኝም። ነገ ማታን ያያሉ ብዬ ግን አልምልልህም።»

የሚጠራው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ታናሽ እህቱ። አባትየው «ትንሿ» ነው የሚሏት። ከሄደች ስድስት ዓመት አልፏታል። የምትኖርበት ከተማ ከነሱ ከተማ ጋር በዓለም ካርታ ላይ አንዱ በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ነው። ሲደውልላት ሥራ ላይ ነበረች፤ ብዙ አላወሩም። ከሁለት ሰዓት በኋላ «ቦታ አገኘሁ። ዛሬውኑ እነሳለሁ። ቀጥታ ነው፣ መሀል ላይ አያርፍም» ብላ ጻፈችና የትኬቱን ፎቶ ላከችለት።

ትኬቱ በረራው አሥራ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል ይላል። አቶ ልክ አላመነውም። ትኬት ላይ የሚጻፍ ሰዓት የደህና ቀን ሰዓት ነው፤ የዛሬን ነፋስ አያውቅም። ርቀት አይለወጥም፣ የሚለወጠው ጊዜው ነው። ቢሮ ወዳለ ባልደረባው ደውሎ የነፋሱን ሁኔታ አስነበበ፤ ከዚያ እርሳስ አንስቶ ራሱ አሰላው። ርቀቱ አሥራ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር። ነፋሱ ከፊት ነው፤ ስለዚህ በሰዓት ከስምንት መቶ ሰባ በላይ አይሄድም። አሥራ አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ። በነሱ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ትነሳለች፤ በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ታርፋለች። ከአየር ማረፊያው እስከ ቤት ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ በመኪና አርባ ደቂቃ።

ከሰዓት በኋላ ከቁም ሣጥን ላይ ሉሉን አወረደ፤ በተማሪነቱ የተገዛ፣ ቀለሙ የወየበ የዓለም ሉል ነው። አቧራውን ጠርጎ አልጋው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና በሁለቱ ከተሞች መሀል ነጭ ክር ወጠረ። ክሩ ላይ መርፌ ቁልፍ ሰካ።

«ለምንድን ነው ወደ ላይ ወጥታ የምትዞረው?» አሉ አባትየው በቀጭን ድምፅ። «ቀጥታ አትመጣም?»

«ቀጥታው ይኼ ነው፣ አባባ። ጠማማ የሚመስለው ካርታ ላይ ነው። ኳስ ላይ አጭሩ መንገድ እንዲህ ይጎብጣል።»

ክሩን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት። «እኔ አንዲት ኮረብታ የዞርኩ እንደሆነ አለቃዬ ሳምንት ሙሉ ይጮኽብኝ ነበር» አሉ። ትንፋሻቸውን ሰብሰብ ካደረጉ በኋላም «እጠብቃታለሁ» አሉ። «አንተ ግን ገና ናት፣ ደርሳለች፣ ምናምን እያልክ አታባብለኝ። ቁጥሩን ንገረኝ።»

«እሺ፣ አባባ።»

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አባትየው ዓይናቸውን ሲገልጡ ልጃቸው ወንበሩ ላይ ነበር።

«የት ናት?»

«አምስት ሺህ ሁለት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ሄዳለች» አለና መርፌ ቁልፏን ክሩ ላይ ገፋ አደረጋት። «ባሕር ላይ ናት። ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ሃያ ይቀራታል።»

«ነፋሱስ?»

«እንዳሰብኩት ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ነርሷ መጥታ ሄደች። ልጅየው የአባቱን ትንፋሽ በእጅ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ በደቂቃ ሃያ ስምንት። አንድ ሰዓት ላይ የአባትየው ታናሽ እህት ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ መጣች። ሁሉም «እትዬ» ይሏታል። ድምፅዋ ከበር ቀድሞ ይገባል። ሾርባውን የሚጠጣ እንደሌለ ታውቃለች፤ ባዶ እጅ መምጣት ግን አይሆንላትም።

«እንዴት አደርክ፣ ወንድምዬ? ይኼ አቶ ልክ በቁጥር ሲያደርቅህ አደረ?»

«ተይው» አሉ አባትየው። «ሥራ ላይ ነን።»

«ልጅቷ ይኼን ያህል ሰዓት ቁጭ ብላ እግሯ ዱባ ነው የሚያክለው» አለች እትዬ ሉሉን ገልመጥ እያደረገች። «እኔማ አንድ ጊዜ ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ሄጄ ጫማዬ አልገባ ብሎኝ በካልሲ ነው የወረድኩት።»

አባትየው ሊስቁ ሞከሩ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ቶሎ አልቆመም።

ሦስት ሰዓት ላይ «ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ» አላቸው። ጣታቸውን ብቻ አንቀሳቀሱ። አራት ሰዓት ላይ «ስምንት ሺህ ሰባት መቶ» ሲላቸው ዓይናቸውን ገልጠው ሉሉን አዩ፤ ተመልሰው ጨፈኑ። በየሰዓቱ ያችን ቁጥር ለመስማት ብቻ ከሩቅ ይመጡ ነበር። ቁጥሯን ይቀበላሉ፣ በእሷ እስከሚቀጥለው ሰዓት ይዘልቃሉ። ከአራት ተኩል ወዲህ ትንፋሻቸው መቋረጥ ጀመረ። ልጅየው ቆጠረ፤ ዘጠኝ ሰከንድ ዝም። ከዚያ አሥራ ሁለት። ከዚያ አሥራ አምስት።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ የእትዬ ስልክ ጮኸ። መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አስተካክላ አነበበች። ወዲያው ወደ ወንድሟ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«ደረሰች፣ ወንድምዬ። ትንሿ ደረሰች።»

አቶ ልክ ስልኩን ከእጇ ወሰደው። መልእክቱ የእህቱ ነው። «ደረስኩ። ወጣሁ መጣሁ» ይላል።

ሰዓቱን አየ። አሥራ አንድ ሰዓት በራለች። ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሰባ ይቀራል። አውሮፕላን ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር አይዘልም። ስልኳ ከሠራ መሬት ላይ ናት ማለት ነው፤ መሬት ላይ ከሆነች ደግሞ በሆነ ምክንያት መሀል መንገድ ላይ ወርደዋል። ተኝታ ነበር፤ ጎማው መሬት ሲነካ ነቅታ የደረሰች መስሏታል። ይህን ሁሉ ለማወቅ እርሳስ አላስፈለገውም። እንደገና እስኪነሱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ከሩብ፤ ከመስመሩ ብዙ ካልወጡ የሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት በረራ። በድምሩ አምስት ሰዓት። ከዚያ መኪናው።

ቀና ሲል አባቱ ዓይናቸውን ገልጠዋል። እህታቸውን አይደለም የሚያዩት፤ እሱን ነው።

«ልክ ነው?» አሉት።

ትንፋሻቸው ቆመ። አሥራ ሰባት ሰከንድ ቆጠረ። ከንፈራቸው ጥግ ላይ ሰማያዊ ነገር አለ፤ ጠዋት አልነበረም። አምስት ሰዓት ይቀራታል ብሎ ቢነግራቸው ቃሉ በራሱ ይጥላቸዋል ብሎ ፈራ። ደቂቃዎች ቀርተዋቸዋል አለ በልቡ፤ በደቂቃዎቹ ውስጥ ደስ ይበላቸው።

«ልክ ነው፣ አባባ።»

«ከዚያ እዚህ ድረስስ?»

«ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር። አርባ ደቂቃ።»

አባትየው እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጉ። ሥራ ሊጀምር የተነሳ ሰው ፊት ነበር ፊታቸው። «አርባ ደቂቃ እችላለሁ» አሉ።

እትዬ ነፍስ ዘራች። የትራሱን ልብስ ለወጠች፣ መስኮቱን ወለል አደረገች፣ ኮሪደሩ ላይ የተረሳውን ባልዲ እየረገመች አነሳች። «አባቷ ጢሙ አድጎ ልታየው ነው እንዴ?» ብላ በሞቀ ፎጣ ፊታቸውን አበሰች። አቶ ልክ ከወንበሩ አልተነቃነቀም። ያልቃሉ ብሎ የጠበቃቸው ደቂቃዎች አላለቁም።

«የት ናት?» አሉ አባትየው።

የሌለች መኪና በእውነተኛ መንገድ ላይ መንዳት ነበረበት። «ከግቢው ወጥታለች። አራት ኪሎ ሜትር መጥታለች።»

ትንሽ ቆይቶ፣ «ድልድዩን?»

«አልፋዋለች። አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ይቀራታል።»

«እዚያ አደባባይ ላይ ... መኪና ይበዛል።»

«ዛሬ ቀለል ብሏል።»

እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር በልኳ ነው የሰጣቸው። ቶሎም አላስኬዳት፣ አላዘገያትም፤ መኪናዋ በእውነት ብትኖር በዚያ ደቂቃ እዚያው ቦታ ላይ ትሆን ነበር። አባትየውም ከቁጥር ወደ ቁጥር ተሻገሩ። በሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ እትዬ «ወጥቼ ልቀበላት» ብላ እየሮጠች ወደ ውጭ በር ሄደች።

«በሩ ላይ ናት?»

«መኪናውን እያቆሙ ነው፣ አባባ።»

ፊታቸውን ወደ መኝታ ቤቱ በር አዞሩ። ትንፋሻቸው ቆመ። ልጅየው ቆጠረ። ሃያ። ሠላሳ። ስልሳ ሲደርስ መቁጠሩን አቆመ። አምስት ሰዓት ከአርባ ነበር።

እትዬ ተመልሳ መጣች። «መኪና እኮ አይታይም ...» ብላ ጀምራ ወንድሟን አየችና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ሁለተኛው መልእክት በራሱ ስልክ ላይ የገባው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። «ጋሼ፣ ለካ ገና አልደረስኩም። ሰው ታሞ መሀል ላይ ወርደን ነው። እንቅልፍ ላይ ሆኜ አላወቅኩም። ልንነሳ ነው፣ ስልኬን ሊያስዘጉኝ ነው። አባባን አቆይልኝ።»

ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተው። እትዬ በእንባዋ መሀል «የት ቀረች ይቺ ልጅ?» ስትለው «እዚያ ዘግይታለች፤ አመጣታለሁ» ብቻ አላት። ነርሷን ጠራ፣ ወረቀት ላይ ፈረመ፣ ሰዓቱን ጻፈ። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወጣ።

አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ አውሮፕላኑ አረፈ። እህቱ ከመንገደኞቹ ቀድማ፣ በትከሻዋ አንዲት ቦርሳ ብቻ ይዛ ወጣች። ፊቱን አየችው። ምንም ሳትጠይቅ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ቁጢጥ አለች። ሰው ሁሉ እየዞራት አለፈ።

መኪና ውስጥ ገቡ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አለች።

«አምስት ከአርባ።»

«ያን ጊዜ እኔ የት ነበርኩ?»

«መሬት ላይ። ገና አልተነሳችሁም ነበር።»

«ያቺን ደረስኩ ያልኳትን ... አነበባችሁለት?»

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የሠራበት አእምሮ የሚያውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገራት። እትዬ ምን እንዳለች፣ አባባ ምን ብለው እንደጠየቁት፣ ምን እንደመለሰላቸው። ድልድዩን፣ አደባባዩን፣ አርባውን ደቂቃ። ሲነግራት ያንኑ ድልድይ እያለፉ ነበር።

«አርባ ደቂቃ ስትለው አርባ ደቂቃ ቆየ» አለች።

«አዎ።»

«አምስት ሰዓት ይቀራታል ብትለውስ ኖሮ?»

«የሚችሉ አልመሰለኝም።»

ወደ እሱ ዞረች። «ለክተህ ነው፣ ጋሼ?»

«አይ» አለ፤ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «ገምቼ ነው።»

እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች። አደባባዩ ላይ መኪና በዝቶ ሰባት ደቂቃ ቆሙ። እዚያ ቆመው ሳለ፣ «የታመመው ሰው ሽማግሌ ነው» አለች። «ከእኔ ሦስት ወንበር ፊት። ደረቱን ይዞ ወደቀ አሉ። እኔ ተኝቻለሁ።»

«ተረፈ?»

«በሕይወቱ ነው ያወረዱት። ልጁ አብራው ነበረች። ስንወርድ ሁሉም ያጉረመርም ነበር፤ እኔም ነገሩ ሲገባኝ ሰውዬውን ረገምኩት። በልቤ ነው፤ ግን ረግሜዋለሁ» አለች።

ከፊት ያለው መኪና ሲንቀሳቀስ እሱም ማርሽ አስገባ።

ቤቱ ውስጥ ጎረቤቶች ወንበር ደርድረው ተቀምጠዋል። እትዬ ኮሪደሩ ላይ ተቀበለቻት፤ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ልጅቷም አለቀሰች።

«ደረሰች ብዬ በጆሮው የነገርኩት እኔ ነኝ» አለቻት እትዬ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ። «ሰምቶኛል። ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዪ። ደስ ብሎት ነው የሄደው፣ ልጄ። ለሱ ያደረግኩለት ነገር ቢኖር ያቺ ቃል ናት።» ከዚያ እጇ ቀስ ብሎ ላላ። አንድ ያልገጠመላት ነገር ትዝ ብሏታል። «ግን አንቺ ... በአምስት ሰዓት ደርሰሽ አሁን አሥራ አንድ አለፈ እኮ። ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

አቶ ልክ አፉን ከፈተ። እህቱ ቀደመችው።

«ሻንጣዬ ጠፍቶ ነው፣ እትዬ።»

«ሻንጣ?»

«ስጠብቅ ... ወረቀት ሙዪ፣ እዚህ ሂጂ፣ እዚያ ሂጂ ሲሉኝ።»

ወንበር ላይ የተቀመጡት ሴቶች ቀና አሉ። እትዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። «አባትሽ በሩን እያየ፣ አንቺ ለሻንጣ?» አለች፤ ያ ከበር ቀድሞ የሚገባ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር። «ለጨርቅ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

አቶ ልክ እህቱን አያት። ይህች ቃል ከዚህ ኮሪደር እንደምትወጣ አወቀ። ነገ ሰፈሩ ይይዛታል፤ ከነገ ወዲያ ዘመድ ሁሉ። ሻንጣ ስትጠብቅ አባቷ ያመለጣት ልጅ። እህቱም አውቃዋለች። ዓይኗ እርጥብ ነው፣ ግን አልዋለለም፤ እሱን እያየች ራሷን በጥቂቱ፣ ሌላ ሰው በማያየው ልክ፣ ወደ ግራና ቀኝ አንቀሳቀሰች።

«የታለ ታዲያ ሻንጣው?» አለች እትዬ የልጅቷን ባዶ እጅ እያየች።

ልጅቷ ወደ ወንድሟ ዞረች። ያን ያህል ሩቅ አላሰበችም ነበር።

«ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያመጡታል» አለ አቶ ልክ። «ጥቁር ነው። ሃያ ሦስት ኪሎ።»

ማንም ሌላ አልጠየቀም። እህቱ የትከሻ ቦርሳዋን አውርዳ ለሱ ሰጠችውና የመኝታ ቤቱን በር ገፋ አድርጋ ገባች። እሱ ቦርሳውን እንደያዘ እትዬ አጠገብ ቆመ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከውስጥ የእህቱ ድምፅ ተሰማ፤ ቀስ ብሎ፣ እየተቆራረጠ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ። እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።